ትንሽ ቆየሁ

የልጅ ልጆቼ ቤት ሲመጡ ቀጥታ የሚሄዱት ወደ ቁም ሳጥኑ መሳቢያ ነው። የአያታቸው ኒሻን እዚያ ውስጥ ከክሬና ከመርፌዬ ጋር ነው የሚኖረው። አንዱ ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ አንዷ ትነጥቀዋለች፣ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው «እማማ፣ አባባ ምን ሠርቶ ነው የተሸለመው?» ይሉኛል።

«ዘግይቶ» እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ። ቀልዴን ስለለመዱ ይሄም ቀልድ ይመስላቸዋል። ወላዲቷን፣ ሰውየው የተሸለመው ዘግይቶ ነው። እኔ ስጨቀጭቅበት የኖርኩትን አመሉን መንግሥት ወርቅ ቀብቶ ደረቱ ላይ ሰካለት፣ አጨበጨበለት፣ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልቆጣው? እሱን ጠይቁት እንዳልላቸው እሱ አይናገርም። አሁንም ጋዜጣ ልግዛ ብሎ ከወጣ ቆየ፣ የት ቆሞ ከማን ጋር እንደሚያወራ እግዜር ይወቀው። ምሳው ቀዝቅዟል። ስለዚህ እኔው ልናገረው።

ባሌ ለሰርጋችንም ዘግይቷል። ሙሽራ ተብዬ ተሸፋፍኜ ቁጭ ብያለሁ። ወጡ ሞቆ ቀዝቅዞ እንደገና ሞቋል። አክስቶቼ ጥግ ይዘው «ሐሳቡን ቀይሮ ይሆን እንዴ» እያሉ ይንሾካሾካሉ፣ ሹክሹክታቸው ደግሞ ከጓዳ እስከ በር ይሰማል። በኋላ ሙሽራው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። መንገድ ላይ የአንድ ሽማግሌ አህያ ከነጭነቷ ቦይ ገብታባቸው ኖሮ፣ የኔው ጌታ በአዲስ ሱፉ ወርዶ አህያ ሲጎትት ነው የቆየው። ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ያዩታል። አጠገቤ ሲቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ትንሽ ቆየሁ» አለኝ። ይቅርታ የለ፣ እንዲህ ሆኜ የለ። ትንሽ ቆየሁ።

ይቺ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ አቃጠለችኝ። ልጃችን ክርስትና ስትነሳ ቄሱ ውኃውን አዘጋጅተው ጠበቁት፣ እሱ ለካ የማያውቀው ሰው መኪና አልነሳ ብሎት ሲገፋ ነበር። ትንሽ ቆየሁ። ለምሳ ብሎ ወጥቶ ለእራት ይመጣል። ትንሽ ቆየሁ። እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ልናደርሳት ስንል እንኳ ጎረቤት ቤት የተቆለፈባቸውን ሰዎች በር ሲከፍት አገኘሁት። እናቴ አልጋው ላይ ሆና «ተይው፣ እኔም ለመሞት አልቸኩልም» አለችኝ። እሷም እንደኔው ቀልደኛ ነበረች።

የሚያበሽቀው ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው አብራሪ ነው። ያውም የጦር ጄት። ጓደኞቹን ስጠይቃቸው «እሱማ በሥራው ደቂቃ አያዛንፍም» ይሉኛል። ታዲያ መሬት ሲወርድ ምን ያስረዋል? ሰማይ ላይ ቦይ የገባች አህያ ስለሌለች ነው መሰለኝ።

ቤታችን ሃያ ሁለት ነበር፣ ከማዞሪያው ገባ ብሎ። ያኔ ይሄ ሁሉ ፎቅ የለም። ጭቃ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ገርጂ እርሻ ነው። ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን ቆርቆሯችንን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ልጄ ገና ድክ ድክ ትላለች፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «አባ» ትላለች። የመንገደኛውንም፣ የጭነቱንም፣ አንዳንዴ አሞራውንም «አባ» ነው የምትለው።

ጦርነቱ በምሥራቅ በኩል የመጣ ጊዜ ባሌ ሻምበል ነበር። አንድ ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመና «ትንሽ ልቆይ እችላለሁ» አለኝ።

«አንተ ትንሽ ስትል ለእኔ ክረምትና በጋ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ልጃችንን ሳመ፣ እኔንም ሳመኝና ሄደ። አልተሳሳትኩም፣ ዝናቡ ወጣ፣ አደይ አበባው ረገፈ፣ እሱ የለም። የሌሎቹ አብራሪዎች ሚስቶች በሰው በሰው ሰላምታ ይደርሳቸዋል። ከኔው ግን አንድ ቃል የለም። ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ የሰልፍ ማርሽ ያሰማል፣ «ጀግኖች» ይላል፣ «ድል» ይላል፣ የእኔን ሰውዬ ግን ካልሲ አለው የለውም የሚነግረኝ የለም።

ከጎኔ አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ባሏ መርካቶ ይነግዳል፣ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በእኔ ትነግዳለች። በእሷና በእኔ አጥር መሃል አንዲት ቦይ አለች። እጣቢዬን እዚያ ስደፋ ውኃው ሄዶ እሷ በር ላይ ይተኛል። የቦዩ ጥፋት ነው የእኔ? ጠዋት ጠዋት ሳንሰዳደብ ቁርስ አንቀምስም ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ባልሽ ሰማይ ላይ ስለሆነ እጣቢሽ ምድር ላይ የሚፈስ አይመስልሽም?»

«ሲመለስ ዝቅ ብሎ ይለፍና ቆርቆሮሽን ይዞልሽ እንዲሄድ እነግረዋለሁ።»

«ይምጣ ብቻ፣ በዱላ ነው የማወርደው።»

እንዲህ ተባብለን እሷም ወደ ሥራዋ፣ እኔም ወደ ሥራዬ። ደህና ኑሮ ነበር።

አንድ ጠዋት እጣቢዬን ይዤ ስወጣ ይቺ ጎረቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ገብታለች። በዶማ ደለሉን እየዛቀች ነው። በእኔ በኩል ያለውን። ቀና ብላ አየችኝና «እንዴት አደርሽ እህቴ» አለችኝ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምንም። ውኃው እንዲሄድልሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ደግሞ ቀሚሷን እየጨመቀች «ያንን የባልሽን ፎቶ ታውሺኛለሽ? ግድግዳው ላይ ያለውን። ልጆቼን ላሳያቸው» አለች። ልጆቿ ባሌን ከተወለዱ ጀምሮ ያውቁታል። ግራ ገብቶኝ አውርጄ ሰጠኋት። እንደ ታቦት በሁለት እጇ ይዛው ገባች።

በማግስቱ ቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተባለ። የዚያን ዘመን ሰልፍ ያላየ አያውቀውም። ሴት ከሴት ጋር ነጠላ የሚቀዳደድበት፣ እርጉዝ ነኝ ብሎ ትራስ ታጥቆ የሚመጣበት ሰልፍ ነው። እኔ ራሴ የአንዷን ቅርጫት በእግሬ ገፋ አድርጌ ቦታ የያዝኩበት ቀን አለ። ያን ዕለት መጨረሻ ላይ ስቆም የፊተኛዋ ዞራ አየችኝና «አንቺ ግቢ» አለች። ከፊቷ ያለችውም «ግቢ፣ ግቢ» አለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ፊት አደረሱኝ። አንዷም አልተሳደበችም። ባለሱቁ ሳይቀር ሲሰፍርልኝ አናቱን ሞላ አደረገልኝ።

ስኳሩን ይዤ ስመለስ መንገድ መሃል ቆምኩ።

እኛ ዘንድ ሞት ለባለቤቱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይሰማል፣ ሰምቶም ይደብቃል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ድንኳን እስኪዘጋጅ ይጠበቃል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎች በር ይመቱና ያረዱሻል። እስከዚያው ግን የሰው ፊት አይደብቅም። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ከሆነብሽ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ማታውን የእድራችን ዳኛ መጡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ውሸት ግን አይችሉበትም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን እያገላበጡ «ልጄ፣ ወንድምሽ አሁንም አገር ቤት ነው ያለው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቢጠሩት ቶሎ ይደርሳል?»

«ለምን ይጠራል?»

«ኧረ እንዲያው ነው። ሰው ናፍቆሽ እንደሆነ ብዬ።» ሻዩን ሳይጠጡት ተነሱ።

እርግጡን ማወቅ ፈለግሁ። በማግስቱ ጠዋት በጣም የሚከረፋውን እጣቢ መረጥኩ፣ የሽንኩርቱን፣ የዓሣውን፣ የሳሙናውን አንድ ላይ አድርጌ፣ ቦዩን ትቼ ጎረቤቴ በር ላይ ደፋሁት። ደፍቼ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ወጣች። አየችው። እኔን አየችኝ።

«ምንም አይደል እህቴ» አለችኝ።

«ስደቢኝ» አልኳት።

«ለምን እሰድብሻለሁ?»

«በርሽ ላይ ደፍቼ ለምን አትሰድቢኝም? አፍሽን ምን ያዘው? ስደቢኝ እንጂ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ገባች። በሩን ዘጋችው። እኔ ባዶ ሳፋ ይዤ ቀረሁ።

አላለቀስኩም። ተናደድኩ እንጂ። ሰው ለሰርጉ ይዘገያል፣ ለክርስትና ይዘገያል፣ እሺ። መዘግየት የነበረበት ለዚህ ነበር። ለዚህ ለምን ይቸኩላል? ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩና አንድ ነገር ቆረጥኩ። ማንም አፉን ከፍቶ ሞቷል እስካላለኝ ድረስ ባሌ አልሞተም። ትንሽ ቆይቷል፣ በቃ። እንግዲህ ሊያረዱኝ የሚመጡት ሊነጋ ሲል ነው፤ እኔ ሊነጋ ሲል ቤት ካልተገኘሁ ማንን ያረዳሉ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍ ሳይንጫጫ ልጄን አዝዬ ወደ ገርጂ መንገድ ጀመርኩ። ወተት ልገዛ ነው። ወተቱ ጎረቤትም ይሸጣል፣ እኔ ግን የገርጂው ይሻለኛል እያልኩ በእርሻው መሃል በጤዛው እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ደርበው ተሰልፈው ሲመጡ ከሩቅ አያቸዋለሁ። በር ይመታሉ። ይጠብቃሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ይበተናሉ። እኔ ሽምብራ ማሳ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሄዱ እጠብቃለሁ። ልጄ እሸት ትነጫለች።

አንድ ቀን ዳኛው መንገድ ላይ ቀደሙኝ። እያለከለኩ ዱላቸውን ተመርኩዘው «ልጄ፣ እባክሽ አንድ ጊዜ አረፍ በይ» አሉኝ።

«ወተቱ ይረጋብኛል ጋሼ።»

«ወተቱ ገና አልተገዛም።»

«እሱን ልገዛ ነው የምቸኩለው» ብዬ አለፍኳቸው።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ በየሰፈሩ እየዞረ እገሌ ሞተ ብሎ የሚለፍፈው ሰው፣ እሱ እንኳ ሲያየኝ ጡሩምባውን ከጀርባው ይደብቃል። ሰፈሩ በሙሉ ያባርረኛል፣ እኔ እሸሻለሁ። ደከመኝ። ግን እሸሻለሁ።

በመጨረሻ እነሱም ታከታቸው። አንድ ጠዋት ከገርጂ ስመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀኝ። ልክ ደጄ ላይ። አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የእድሩ ትልቁ ድስት እሳት ላይ ነው፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ድንኳኑ ውስጥ ያ ጎረቤቴ የወሰደችው ፎቶ ተሰቅሏል፣ ባሌ ከነኮፍያው እየሳቀ፣ ጥቁር ጨርቅ ዙሪያውን አድርገውለታል። አሁን የት እሸሻለሁ? ልጄ ከጀርባዬ ፎቶውን አይታ ጣቷን ቀሰረችና «አባ» አለች። ያኔ ነው ሴቶቹ ማልቀስ የጀመሩት።

ዳኛው ወደ እኔ መጡ። ትከሻዬን ያዙኝ። አፋቸውን ከፈቱ።

በዚህ መሃል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከወታደር ላንድሮቨር ላይ ዘሎ ወረደ። ይሄ ሊቀመንበር አንድ ችግር አለበት፣ ቀላል ነገር ቀላል አድርጎ መናገር አይችልም። ውኃ ተቋረጠ ለማለት እንኳ አብዮቱን ከሥር ጀምሮ ነው የሚያመጣው። ድንኳኑን አየ። ወንበሩን አየ። ድስቱን አየ። ፊቱ በራ።

«ጓዶች» አለ፣ «እንዲህ ያለ ዝግጅት አልጠበቅሁም። እኔ እንኳ ለቤተሰቡ ድንገት እንዲሆን ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ማን ነገራችሁ?»

«አንተው ነህ የነገርከን» አሉ ዳኛው፣ እጃቸው ከትከሻዬ ሳይነሳ።

«እኔማ ፎቶግራፍ ነው የጠየቅሁት። ጥቁሩ ጨርቅ ግን ለምንድነው?»

ንፍሮው ብቻ ይንተከተካል።

«ልጄ» አሉት ዳኛው ቀስ ብለው፣ «ምን ነበር ያልከኝ? ቃሉን መልስልኝ።»

«ጓድ ሻምበል ለእናት አገሩ ከፍተኛ መስዋዕትነት ከፍሏል፣ ትልቅ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፣ ለቤተሰቡ ለጊዜው እንዳይነገር ነዋ ያልኩት።»

«መስዋዕት ሆኗል አላልከኝም?»

«መስዋዕትነት ከፍሏል፣ ጋሼ። ተዋግቷል ማለት ነው። ሊሸለም ነው። ዛሬ ይመጣል።»

በዚያን ዘመን ሊቀመንበር የተናገረውን መልሶ ‹ምን ማለትህ ነው› ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ዳኛው ሰምተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እሺ ብለው ነው የሄዱት። ለጎረቤቴ ነገሯት፣ ጎረቤቴ ለሰልፉ፣ ሰልፉ ለሰፈሩ። አንድ ሰው በቀላል አማርኛ ቢናገር ኖሮ እኔ ያን ሁሉ ጤዛ አልረግጥም ነበር።

«የታለ?» አልኩ።

«ማን?»

«ባሌ ነዋ። ዛሬ ይመጣል ካልክ የታለ?»

ሊቀመንበሩ ወደ ላንድሮቨሩ ዞረ። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሾፌሩ ብቻ ነው ያለው። «አብረን ነበርን… ከአንድ ቁስለኛ ጓደኛው ጋር መንገድ ላይ ወረደ። ትንሽ ጉዳይ አለኝ፣ ቅደሙ አለን።»

ሰዎቹ ሁሉ እኔን አዩ። ይሄ ነገር እውነት ለመሆኑ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከዚህ የበለጠ አይገኝም ልላቸው ነበር። ግን አላመንኩም። ካላየሁ አላምንም አልኩ። እናም ተቀመጥን። የት እንሂድ? ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው በስሏል። ጥቁሩን ጨርቅ አንዷ ፈታችው፣ ሌላዋ ምናልባት ካልሆነስ ብላ ኪሷ ከተተችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ጥቂት ቆይተው መልሰው ይዘቀዝቁታል። ላዝን ነው ልደሰት የሚለው ግራ ገብቷቸዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ወተቱ እጄ ላይ ረጋ። ሰው እንዴት ለገዛ ለቅሶው ይዘገያል? የኔው ይዘገያል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል በአንዲት የሐብሐብ ጋሪ መጣ። አዎ፣ በጋሪ። ግንባሩ ላይ ፋሻ፣ ክንዱ ላይ ሐብሐብ። አጠገቡ እግሩ ጄሶ የሆነ አንድ መቶ አለቃ ተቀምጧል። ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ ንጉሥ እግሩን ዘርግቶ። ባሌ ድንኳኑን አየና ፊቱ ጠቆረ። ወርዶ ሮጦ መጣና እጄን ያዘ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

ፎቶውን በአገጬ አሳየሁት። ዞሮ ራሱን አየ። ብዙ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰና ቀስ ብሎ፣ የዚያን የሰርጋችንን ቀን በነገረኝ ድምፅ፣ «ትንሽ ቆየሁ» አለኝ።

በረጋው ወተት ነው የመታሁት። ጣሳውን ከነክዳኑ። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ከዚያ ደግሞ በጡጫ መታሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤቴ ከሁሉም በላይ ታለቅሳለች።

ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ለደስታ ተበላ። ባሌም የራሱን ንፍሮ እፍኝ ዘግኖ «ጨው አንሶታል» አለ። ሰዉ ምን ሠራህ፣ ለምን ትሸለማለህ ቢለው «ምንም፣ ሥራችን ነው» ይላል። ሊቀመንበሩ ሊናገር ሲነሳ ዳኛው በዱላቸው አስቀመጡት። «አንተ ይበቃሃል፣ ሌላ ሰው ይንገረን።»

መቶ አለቃው ነው የነገረን። ጄሶውን አግዳሚው ላይ ሰቅሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ሁለት ሆነን ነበር የወጣነው። የእኔዋ አውሮፕላን ተመታች፣ በጃንጥላ ዘለልኩ።» እኔ የዝናቡ ጃንጥላ መስሎኝ ምን ቢጠነክር ነው ብዬ አሰብኩ። «መሬት ስደርስ እግሬ ተሰበረ። አሸዋ ላይ ተኝቼ ሳይ የጠላት ወታደር የጫኑ መኪናዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። ሻምበል ዝቅ ብሎ አለፈና ፊተኛውን መኪና አቃጠለው። ዞሮ መጣ፣ ሌሎቹን በተነ። ጥይቱ አለቀ። ጥይቱ ካለቀም በኋላ ባዶውን እየወረደ ያስፈራራቸዋል፣ ባዶ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እነሱ አያውቁም። ከታች ሽቅብ ይተኩሱበታል። ሬዲዮዬ እጄ ላይ ስለሆነ የሚባባሉትን እሰማለሁ። ከጣቢያው ‹ነዳጅህ አይበቃህም፣ ተመለስ› ይሉታል። ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው። እሱ ምን ብሎ ቢመልስላቸው ጥሩ ነው?»

«ትንሽ ልቆይ» አልኩ።

መቶ አለቃው አፉን ከፍቶ አየኝ። «ማን ነገረሽ?»

ማን ይነግረኛል። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል፣ እንደ ሌባ።

«እንደዚያው ነው ያለው» አለ መቶ አለቃው። «ሄሊኮፕተሩ መጥቶ እኔን እስኪያነሳ ቆየ። ሲመለስ ነዳጁ መንገድ ላይ አለቀ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አውሮፕላኗን በነፋስ እያንሸራተተ አምጥቶ ሜዳው ጫፍ ላይ አስቀመጣት። ግንባሩን እዚያ ነው የተመታው። ዛሬም የቆየነው በእኔ ነው፣ እናቴ ትይህ ብሎ ቤቷ ወስዶኝ፣ እሷ ደግሞ አለቅም ብላ።»

«ሐብሐቡስ?» አልኩት።

«ባለጋሪው ጎማ ወልቆበት ስናግዘው እሱ ነው የሰጠን።»

ሰው እየሳሳ ሄዶ ቤት ውስጥ ሁለታችን ስንቀር ፋሻውን እየቀየርኩለት ጠየቅሁት።

«ነዳጁ እንደማይበቃ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔንና ልጅህን አሰብከን?»

የፋሻውን ጫፍ ያዘልኝ።

«አሰብኳችሁ» አለ። «ለዚህ እኮ ነው ትንሽ ብቻ የቆየሁት።»

ፋሻውን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። እንዲያመው።

ኒሻኑን ሰኩለት። ለዚያም ሥነ ሥርዓት ዘግይቷል፣ አላወራውም፣ አንድ አሮጊት መንገድ ስለማሻገር ነው። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ዳኛው አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል «አሁን ምን ማለቱ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ጦርነቱ ግን አላለቀም። ቁስሉ ሳይጠግግ መልሰው ጠሩት። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ያው በር ላይ ቆመና አፉን ሲከፍት በእጄ ያዝኩት።

«ያቺን ቃል አትበላት» አልኩት።

ከእጄ ሥር ሳቀ። መዳፌን ሳመውና ሄደ።

ሳፋዬን አነሳሁና እጣቢዬን ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። የጎረቤቴ በር ብርግድ አለ።

«አንቺ ሴት» አለችኝ፣ «የተሸለመው ባልሽ ነው እንጂ እጣቢሽ አይደለም። ከደጄ ላይ ዝቀሽ ውሰጂልኝ።»

እንዴት እንደጣመኝ ልነግራችሁ አልችልም። ክፉ ወሬ ሰምታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትሰድበኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የማደርገው እጣቢ መድፋት ሆነ። እጣቢ ባይኖረኝ ንጹሕ ውኃ እደፋለሁ። እሷ ወጥታ ትሰድበኛለች፣ እኔ እመልስላታለሁ፣ ገብቼ ሻዬን እጠጣለሁ። ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላወራንም። እሷም ግን ትታመም፣ ዝናብ ይሁን፣ ሳትወጣ ቀርታ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ብቻ ደፍቼ ቆምኩ፣ በሩ አልተከፈተም። ውኃው ፈሶ አለቀ። ጭስ እንኳ ከቤቷ አይወጣም። ሳፋው እጄ ላይ ከበደኝ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ልሄድ አልቻልኩም፣ ልጠራትም አልደፈርኩም።

በኋላ መቀርቀሪያው ተንኳኳ። ጎረቤቴ ፀጉሯ ቆሞ፣ ነጠላዋን ገልብጣ፣ አንድ እግሯ ባዶውን እየሮጠች ወጣች። ፊቴን አየችና ክው አለች።

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነው እህቴ» አለችኝ፣ «ትንሽ ቆየሁ።» ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና ወገቧን ይዛ ጀመረች። «አንቺ ሴት፣ ዛሬም ደፋሽው?»